ገመዱን የሳብኩ ዕለት

ታካሚዎቼ «ጨካኟ» ይሉኛል። እውነተኛ ስሜን የሚያውቅ ያለም አይመስለኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ቁስለኛ ወታደርን ከአልጋው አስነስቶ፣ እያለቀሰ ደረጃ ማስወጣት ነው። ሲሰድበኝ «በል አንዴ ድገመው» እለዋለሁ። «ስድቡን ነው ደረጃውን?» የሚለኝ አይጠፋም። ሁለቱንም ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ለማንም ብዬ አንዲት እርምጃ ቀንሼ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ብቻ ቀነስኩ። የዚያችን ቀን ነገር ነው የማወራችሁ፤ አውርቼው ይቀለኝ እንደሆነ እንጂ የሚለወጥ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ።

ያኔ የምሠራው ከከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ በሚርቅ፣ ተራራ ሥር በተተከለ ካምፕ ነበር። ከጦር ሜዳ እግራቸውን፣ እጃቸውን ወይም እንቅልፋቸውን ትተው የመጡ ሰዎች ስድስት ሳምንት እዚያ ይከርማሉ። መጀመሪያ በወንዙ ላይ ጀልባ እናስቀዝፋቸዋለን፣ ቀጥሎ ዳገት እናስወጣቸዋለን፣ መጨረሻ ላይ ገደል። የካምፑ ኃላፊ ሻምበል ናቸው፤ ራሳቸውም አንድ ዓይናቸውን ጦር ሜዳ የተዉ ጡረተኛ መኮንን። «አልጋ ላይ የተኛ ሰው የጎደለውን ሲቆጥር ይውላል፤ ገደል ላይ የተሰቀለ ግን የቀረውን ነው የሚፈልገው» ይላሉ።

ገደሉን ወታደሮቹ «አማት» ብለውታል። ምን ብታደርግላት ደስ የማይላት ለማለት ነው። ሃያ ሜትር ትሆናለች። ወደ ላይኛው ጫፏ ስትቃረብ ወደ ውጭ ያሞጠሞጠ ቋጥኝ አላት፤ እሱን ደግሞ «አገጯ» ይሉታል። አገጯን ለማለፍ የግራ እግርን፣ ጣት በምታክል ጠርዝ ላይ አሳርፎ ቀጥ ብሎ መቆም ግድ ነው። አማትን ያለፈ ረዳት አሠልጣኝ ሆኖ ካምፑ ውስጥ ይቀራል፤ ያላለፈ ስድስት ሳምንቱ ሲያልቅ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

የእኔ ሰው የግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣ ነው።

አስር አለቃው ይባላል፤ እኔም በሰው ፊት እንደዚያው ነው የምጠራው። ብቻችንን ስንሆን «አንተዬ» እለዋለሁ። ወታደር ከመሆኑ በፊት ግንበኛ ነበር፤ አባቱም ግንበኛ። ማንም የሠራው ግድግዳ አጠገብ ቆሞ «ይሄንን ሰውዬ ሰኞ ጠዋት ነው ያስጀመሩት፤ ልቡ የለም» ይላል። ወደ ካምፑ ከመምጣታችን በፊት፣ ሐኪም ቤት ሳለ በሁለት ብረት ድጋፍ መሃል ሳራምደው ዘጠኝ ጊዜ ወድቆ በአሥረኛው ቆመና «አሁን ማነው የታከተው? እኔ ነኝ አንቺ?» አለኝ። እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ቤቴ ሄጄ ራት አልበላሁም፤ ፍቅር መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ እንደገና ሳይርበኝ ሲቀር ነው።

ችግሩ አባቴ ነው። አባቴ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ የአስር አለቃውን እግር የቆረጠው እሱ ራሱ ነው። ልንጋባ እንደምንፈልግ ስነግረው ቢሮው ውስጥ እጁን እየታጠበ ነበር። እስኪጨርስ፣ አንድ በአንድ ጣቶቹን እስኪያደርቅ ድረስ አላናገረኝም።

«የግንበኛ ልጅ ስለሆነ ነው?» አልኩት።

«አልዋሽሽም፤ እሱም ደስ አላለኝም። ግን እሱን እውጠዋለሁ» አለ። «የማልውጠው ሌላ ነው። ልጄ፣ አንቺ የወደድሽው ሰውየውን አይደለም፤ ቁስሉን ነው። ቁስል ደግሞ ይድናል። ሲድን ምን ልትሆኚ ነው? የምታዝኚለት ሰው ነርስ ይፈልጋል እንጂ ሚስት አይፈልግም።»

«አዝኜለት አላውቅም!»

«እንግዲያው አሳዪኝ። ማንም ሳይደግፈው አንድ ነገር ሲያደርግ በዓይኔ ልይ። ከዚያ በኋላ ከእኔ አንድ ቃል አትሰሚም።»

ለአስር አለቃው ይህንን ሳወራለት አልተቀየመም። «ቅዳሜ የቤተሰብ ቀን ነው፤ ይምጡና አማት ላይ ይዩኛ» አለ። እንዲያ በቀላሉ ነው ያለው፤ እኔ ግን ያን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ሰው ሠራሽ እግሩን አጠልቅለት ጀመር። በግድግዳው ላይ የተጠቀለሉ ገመዶችና የራስ ቁሮች ተሰቅለዋል። የተቆረጠውን ጫፍ ዳሰስኩት፤ መቅላት የለም፣ እብጠት የለም። ማሰሪያውን አጠበቅሁ፣ ፈታሁ፣ እንደገና አጠበቅሁ።

«ስንት ጊዜ ነው የምታስሪው?» አለኝ። «ገደሉን የምትወጪው አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ዝም በል። ታካሚ አይቀልድም።»

«ዛሬ ታካሚ አይደለሁም። በአንድ ቀን ሁለት አማት የሚፈተን ሰው ነኝ፤ አንዷ ድንጋይ፣ አንዱ አባትሽ።»

«አባቴ ከድንጋይ ይሻላል።»

«ይሁን። ሲቆርጡኝ የተኛሁት እኔ ስለነበርኩ አልፈርድም።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ቀና ብሎ አየኝ። ሲያየኝ ሁልጊዜ መጀመሪያ እጄን፣ ቀጥሎ ዓይኔን ነው የሚያየው፤ ያን ቀን እጄን አልፎ በቀጥታ ዓይኔን አየኝ።

«አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ገመዱ ይሳቅ።»

ይህ የካምፑ ቋንቋ ነው። ገመዱ ከወጪው ወገብ ይነሳና ገደሉ አናት ላይ ባለ ቀለበት ዞሮ ታች ወደ ቆመው ገመድ ያዥ ይወርዳል። ወጪው ከፍ ባለ ቁጥር ያዡ የተረፈውን ይሰበስባል፤ ቢወድቅ ይይዘዋል። ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ገመዱ ሁልጊዜ ትንሽ ረገብ ማለት አለበት፤ ሻምበል «ይሳቅ» የሚሉት ያንን ነው። ከተወጠረ ያዡ እየሳበ ነው፤ የተሳበ ሰው ደግሞ ተጎተተ እንጂ ወጣ አይባልም። ያዡን የሚመርጠው ራሱ ወጪው ነው። እሱ የመረጠው እኔን ነበር።

«ይስቃል» አልኩት። «ግን ካልሆነልህስ? አገጯ ላይ እምቢ ቢልህስ?»

የራስ ቁሩን አንስቶ ወጣ። እኔ የእግሩ ሙቀት ያልለቀቀውን አግዳሚ ወንበር ይዤ ቀረሁ፤ የምጸልየው ጸሎት እንኳ ጠፋኝ።

አባቴ በጥቁር ጫማው ጠጠሩን እየረገጠ መጣ። ከእናቶች፣ ከሚስቶችና ከሕፃናት መሃል ለብቻው ቆመ። ሬዲዮ የምንለው ታካሚ ወንበር አመጣለት። ሬዲዮ ቀኝ እጁን ያጣ የቀድሞ ሾፌር ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ ነው ስሙን ያገኘው። አባቴ ግን አልተቀመጠም።

አስር አለቃው መውጣት ጀመረ። ድንጋይ ላይ ሲሆን ሌላ ሰው ነው። አይቸኩልም፤ መዳፉን ያሳርፋል፣ ይጫነዋል፣ ካመነው በኋላ ነው ሰውነቱን የሚያስከትለው። ፕላስቲክ ጣት ድንጋይ መንካት አለመንካቱን ለባለቤቱ አይነግርም፤ እሱ በጉልበቱ እየሰማ ነበር የሚወጣው። አምስት ሜትር፣ አሥር ሜትር። ገመዱን ሰበሰብኩ፤ ገመዱ ይስቃል። ልቤም መሳቅ ጀምሮ ነበር።

አገጯ ሥር ደረሰ። የግራ እግሩን ጠርዟ ላይ አሳረፈ፤ ተንሸራተተ። እንደገና አሳረፈ፤ እንደገና። በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። ክንዱ መራድ ሲጀምር ከታች ይታየኛል። ታካሚዬ ስለሆነ እያንዳንዱ ጡንቻው ምን ያህል እንደቀረው አውቃለሁ፤ ያንን ማወቄ ነው የጎዳኝ። ቢበዛ ግማሽ ደቂቃ ነበር የቀረው።

ዞር ብዬ አባቴን አየሁ። አባቴ ሰዓቱን እያየ ነበር።

ተስፋ ቆረጠ አልኩ በልቤ። «በቃ፣ እንሂድ» ሊለኝ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያሰብኩት ነገር የለም። ገመዱን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ክብደቴን በሙሉ ወደ ኋላ ጣልኩት፤ ተቀመጥኩበት ብል ይሻላል። ገመዱ ጥርሱን ነከሰ። እሱ ከፍ አለ፣ አገጯን አለፈ፣ እጁ የገደሉን ጫፍ ያዘ። ጭብጨባው ተራራውን አናጋው። ሻምበልም ሌሎቹም ቀና ብለው እሱን ነበር የሚያዩት፤ ወደ ገመዱ ያየ ሰው አልነበረም።

ሲወርድ አባቴ ሕዝቡን በክንዱ እየከፈለ ሄደና አቀፈው። አባቴ ሰው ሲያቅፍ አይቼ አላውቅም። «ጎበዝ ልጄ!» ሲለው ጆሮዬ ሰማ። በሕይወቴ የምመኘው ቃል ነበር፤ ከነድምፁ፣ ከነሳጉ። ሬዲዮ በአንድ እጁ የእኔን ጀርባ እየደበደበ «እልል በይ እንጂ!» ይላል።

አስር አለቃው በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። ደስታ ነው ብዬ ፈገግ አልኩለት። እሱ ግን ዓይኑን ከእኔ አነሳ፤ ያ ዓይኑን ያነሳበት ቅጽበት እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።

ምሳ ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። አባቴ ከሻምበል ጎን ተቀምጦ ስለ መገጣጠሚያ ያወራል፤ በዓይኑ ግን አማቹን ይፈልጋል። ሬዲዮ መጣና አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተናገረም። ወረቀቱ የሳምንቱን እንቅስቃሴ የጻፍኩለት ቅጽ ነው፤ ከጀርባው በግንበኛ ትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል።

«ጨካኟ፣

ዛሬ ጨካኝ አልሆንሽም። አገጯ ላይ ቀበቶው ወገቤን ጨምድዶ ሲያነሳኝ አወቅሁ። ግንበኛ ነኝ፤ ምን ምንን እንደተሸከመ አይጠፋኝም። እኔን የተሸከመኝ እግሬ አልነበረም።

አባትሽ 'ልጄ' ሲሉኝ ዝም አልኩ። ዋሸሁ ማለት ነው። ዋሽቼ አንቺን አገኘሁ፤ ደስታውን አልክድሽም፣ እስከ ግምጃ ቤቱ በር ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አልወርድ አለኝ።

ከቆሰልኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ያነሳኛል፣ ያስቀምጠኛል። እናቴ እንኳ ሻይ ስትሰጠኝ ስኳሩን አማስላ ነው። በዓለም ላይ 'ራስህ ተነሳ' የምትለኝ አንዲት ሰው ነበረች። እሷን የወደድኩት ለዚህ ነው። ዛሬ እሷም አዘነችልኝ።

ለሻምበል ነግሬያቸዋለሁ። ነገ ጠዋት እንደገና እወጣለሁ፤ ገመዱን እሳቸው ይይዛሉ። አባትሽም ይዩ። አንቺም ከፈለግሽ ነይ፤ ግን ምንም አትያዢ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «አዘነችልኝ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። አባቴም ያለው እሷኑ ነው። ሁለት ሰዎች፣ እኔን ከማንም በላይ የሚያውቁኝ ሁለት ሰዎች፣ አንዲት ስም አወጡልኝ፤ ስሟ ግን የእኔ አልነበረችም።

መኝታ ክፍሉ በር ላይ ሄጄ አንኳኳሁ፤ አልከፈተም። ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ወንዝ ዳር ጠበቅሁት፤ አልመጣም። መጨረሻ ላይ እኔም ወረቀት ፈለግሁ። «አንተዬ፣ አዝኜልህ አይደለም፤ ቸኩዬ ነው። ለአንተ አልሳብኩም፤ ለራሴ ነው የሳብኩት። አንድ ደቂቃ መጠበቅ አቃተኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲሉ እስቅ ነበር፤ ይኸው እየለቀምኩ ነው። ራስ ወዳድ በለኝ፣ ቀጣፊ በለኝ፣ አዘነችልኝ ብቻ አትበለኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሬዲዮ ወሰደልኝ። ሲመለስ «ሳያነበው ኪሱ ከተተው» አለኝ።

«ምንም አላለም?»

«ምንም። እኔም የምለው ነገር አጣሁ፤ ተመልከቺ እንግዲህ እኔን።»

ሬዲዮ ዝም ያለበት ቀን ከባድ ቀን ነው። እኔ ለሰው ሁሉ መፍትሔ የማላጣ ሴትዮ፣ ወንዝ ዳር ተቀምጬ እጄን እያየሁ ዋልኩ። በሰባት ዓመት ውስጥ እጄ ሥራ ያጣው ያን ዕለት ነው።

እሑድ ጠዋት ሕዝብ የለም፣ ጭብጨባ የለም። ድንጋዩ ጤዛ አዝሎ ነበር። ሻምበል ገመዱን ያዙ። ሬዲዮና ሌሎቹ በዝምታ ተደረደሩ። አባቴ ከእንግዳ ማረፊያው ወጥቶ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሻምበል ማለዳ ሁሉንም ነግረውት ነበር። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣም። ያልተቆጣ አባት ከተቆጣው ይከብዳል።

አስር አለቃው ሲያልፍ እኔን አላየኝም። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ያዝኳቸው፤ ካልሆነ የት እንደማደርጋቸው አላውቅም ነበር።

ወጣ። ከትናንቱ የተሻለ ወጣ። ገመዱ ከእሱ በላይ ተንዘላዝሎ በግልጽ ይስቅ ነበር። አገጯ ሥር ደረሰ፣ የግራ እግሩን አሳረፈ፣ ተነሳ። ወደቀ። ገመዱ ያዘው፤ አየር ላይ ተወዛወዘ። ተመልሶ ድንጋዩን ያዘ።

«ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደርሶልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ቁርጭምጭሚቱን አተርፍለት ነበር» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። «አሁን የሚፈልገው ያችን ቁርጭምጭሚት ነው።»

ድምፁ የሐኪም ድምፅ አልነበረም። አስር አለቃው ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀ።

«ትናንት ተስፋ ቆርጠህ ነበር» አልኩት አባቴን፤ ምሬቴን የማፈስበት ሌላ ሰው አልነበረኝም። «ሰዓትህን ስታይ አይቼሃለሁ። አንተ ሰዓትህን ባታይ እኔ አልስብም ነበር!»

አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። «እየቆጠርኩለት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በሁለት ክንድ ብቻ ስንት ሰከንድ እንደተሰቀለ። የሥራ ልማድ ነው። እዚያ ድረስ ይጸናል ብዬ አላሰብኩም። መውጣት አለመውጣቱን እኮ ያኔ ትቼው ነበር፤ ልቤ ተቀብሎት ነበር።»

ለዚህ ምን ይባላል? ያልተጠየቅሁትን ዕዳ ከፍዬ፣ የተሰጠኝን ስጦታ ሰብሬያለሁ። ቀና ብዬ ወደ ላይ ከማየት በቀር የቀረልኝ ሥራ አልነበረም።

ሦስተኛው ላይ አገጯን ሊያልፍ ነበር። በእግዜር ስም እላችኋለሁ፣ ሊያልፍ ነበር። ጠርዟ ላይ ቆመ፤ ቀኝ እጁ ጫፉን ነካ፤ በጣቶቹ ነካው። ፕላስቲኩ ከዳው። ወደቀና ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ፤ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ ቀረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ ይሁን እያረፈ ከታች አይለይም። ሻምበል «ትንሽ እንቆይ?» አሉት። ሁላችንም ቆምን፤ ገመዱን የያዙት ሻምበልም፣ እግሩን የቆረጠው አባቴም፣ መራመድ ያስተማርኩት እኔም። ከሦስታችን አንዳችንም የምንሰጠው ነገር አልነበረንም። ነፋሱ እንኳ ቆሟል።

«አውርዱኝ» አለ በመጨረሻ።

ሲወርድ መሬት ላይ ተቀመጠ። የተቆረጠውን ጫፍ የሸፈነው ካልሲ ደም አዝሏል። ማንም ሳያግዘው ማሰሪያውን ፈታ፤ እግሩን አወለቀና ጎኑ አስቀመጠው። አባቴ ሄዶ በጥቁር ሱሪው ጠጠሩ ላይ ተንበረከከና ቁስሉን አየ። ከዚያ ፊቱን አየ።

«ልጄ፣ ለእኔ በቂ ነው» አለው። «ከትናንቱም ከዛሬውም በላይ በቂ ነው። ልጄን ለማን እንደምሰጥ አውቄያለሁ።»

እሺታው እንደዚህ ነው ወይ የሚመጣው? እኔ ሁሉን ነገር ካበላሸሁ በኋላ፣ እንዲህ በጠጠር ላይ ተንበርክኮ?

አስር አለቃው የአባቴን እጅ ይዞ ግንባሩን አስነካው። «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አለ። «ለእርስዎ በቅቷል። ለእኔ ግን አልበቃኝም።»

አውቶቡሱ እኩለ ቀን ላይ መጣ። ስድስት ሳምንቱ አልቋል። ሬዲዮ ቀድሞ ገብቶ መስኮት ያዘለት። አስር አለቃው ሻንጣውን ሹፌሩ እንዲጭንለት ከሰጠ በኋላ ወደ እኔ መጣ፤ ያነክሳል፤ ቁስሉ ላይ ፋሻ አለ። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«ደብዳቤሽን አነበብኩት።»

«መቼ?»

«ከወረድኩ በኋላ።» ዓይኑን ከእኔ አላነሳም። «አንቺ እንዳላዘንሽልኝ ገባኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። በማይሆን ነገር ነው የጠረጠርኩሽ።»

«እንግዲያው ቅር!» አልኩት። ኩራቴን ሁሉ ረገጥኩት። «ምን ቀረ ታዲያ? አባቴ እሺ ብሏል፣ እኔ ድሮም እሺ ነኝ። እወድሃለሁ እኮ! ምን ቀረ?»

«እኔ ቀረሁ» አለ። «አገጯ ሥር ተሰቅዬ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? 'አይ አንተ ምስኪን' አልኩት ራሴን። ሌላ ሰው አላለኝም። የማዝንለት እኔው ነኝ። ከሐኪም ቤት ጀምሮ ሳዝንለት ነው የኖርኩት፤ ሰው ሁሉ እንደሚያዝንልኝ የሚመስለኝም ለዚህ ነው። ይሄንን ይዤ ቤትሽ ብገባ፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ሻዩን ታማስዪልኛለሽ።»

«እሱ እንዴት ነው የሚድነው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ባለሙያዋ አንቺ።»

ለጉልበት አውቃለሁ፣ ለወገብ አውቃለሁ፣ ለትከሻ አሥራ ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ በቃሌ አውቃለሁ። ለዚህ አንድም አላውቅም። ቅጽ ላይ ልጽፍለት የምችለው አንድ መስመር እንኳ አልነበረኝም።

«ልጠብቅህ?» አልኩት።

መጀመሪያ እጄን አየ፣ ቀጥሎ ዓይኔን።

«አትጠብቂኝ ልልሽ ነበር የመጣሁት» አለ። «አፌ እምቢ አለኝ።»

ዞሮ ሄደ። የአውቶቡሱ ደረጃ ከፍ ያለ ነው። ቀኝ እግሩን አስቀድሞ የበሩን ብረት ያዘ፤ የቆሰለውን ሲያስከትል ፊቱ ተጨማደደ። ሦስት እርምጃ ነበር የሚለየኝ። ደጋግፌ ለማስገባት የሚፈጀው ትንፋሽ አይሞላም፤ በቀን ሃያ ጊዜ የማደርገው ነገር ነው። አልተንቀሳቀስኩም። አንደኛው ደረጃ፣ ሁለተኛው። በሦስተኛው ላይ ቆሞ አረፈ። ከኋላው የሚጠብቁት ሰዎች አልገፉትም። ገባ።

አውቶቡሱ ሲነሳ አባቴ አጠገቤ ነበር። መስኮቱ ላይ የሬዲዮ እጅ ሲውለበለብ አየሁ፤ የእሱን ፊት ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ወድቆ ከለከለኝ።

«ላናግረው?» አለኝ አባቴ። «በመኪና ልከተለው እችላለሁ። እናቱ ቤት ድረስ ልሂድ። ንገሪኝ እንጂ፣ ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? ልጄ እያለቀስሽ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ አባዬ። የሚደረግ ነገር የለም» አልኩት። «ዝም ብለህ አጠገቤ ቁም።»

ሊያቅፈኝ ክንዱን ሲያነሳ ተሰማኝ፤ ከዚያ መልሶ አወረደው። ለሰላሳ ዓመት ሰው ሲያድን የኖረ ሰው ነው፤ እንዴት እንደከበደው እኔ አውቃለሁ። አውቶቡሱ ከታጠፈ፣ አቧራውም ካረፈ በኋላ እዚያው ነበርን፤ እኔ እያለቀስኩ፣ እሱ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ።